ያጨበጨበልኝ ሰው

ደርግ ቁማርን አጠፋ ይባላል። አላጠፋም። ስለዚያ ዘመን ክፉ ክፉውን የሚያወሩ ሰዎች እንኳ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ቢሆንም ቁማርተኛና ዱርዬ መድረሻ አልነበረውም» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ሰርግ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ከእኔ በላይ ካነበቡ ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። በጽሑፎቼ የሚያውቁኝ የተባለውን ነገር ካልተቃወምኩ ምግብ እንደማይበላልኝ ያውቃሉ። እዚህ ወሬ ላይ ግን አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም። አቀርቅሬ ሳህኔን አያለሁ። ሊዘጋ የተፈረደበት አንድ ቁማር ቤት አውቃለሁ፤ እንዳይዘጋ መንግሥትን ያግባባሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ስካሬን ተናግሬያለሁ፣ ሐሜቴን ተናግሬያለሁ፣ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፤ ትንንሹን ኃጢአት እየመነዘርኩ ትልቁን ኪሴ ውስጥ ይዤ ወጥቻለሁ። ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። ካህን ስላልሆናችሁ ልትፈቱኝ አትችሉም፤ የመረጥኳችሁም ለዚሁ ነው።

በሱዳን ጠረፍ ካለችው የቆላ ከተማ ሽንፋ የደረስኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። ከገንዳ ውሃ በጭነት መኪና ላይ በጆንያ መካከል ተቀምጬ፣ የመጻሕፍት ሳጥኔን በእግሬ አቅፌ ገባሁ። ከወንዙ ማዶ ዓይን እስከሚደርስበት ሰሊጥና ማሽላ ነው። ክረምት ሲወጣ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል፤ ወባው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ አስተማሪ ሁሉ በመጣ በሳምንቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዝውውር መቼ ነው? እኔም ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰልኝም። ስለዚህ አነብ ነበር። ከከተማው ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ ስለ ዓለም እንደማውቅ እርግጠኛ ነበርኩ። የቀበሌው የውይይት ክበብ መሪ አደረጉኝ። ስለ ምርት ኃይሎችና ስለ መደብ ትግል ሳወራ ሰዉ ይሰማኛል፣ ወይም ሙቀቱ አድክሞት ዝም ይላል። እኔ ሁለቱን አልለይም ነበር።

በከተማው ዳር አያ መኳንንት የሚባሉ ሰው ራኩባ ነበራቸው። ራኩባ በቆላው የሣርና የእንጨት ዳስ ማለት ነው፤ ቃሉም እንደ ሻዩና እንደ ጨርቁ ከሱዳን የተሻገረ ነው። ሰውዬው ስማቸው ለአብዮቱ እንደማይመች ያውቁ ነበርና ካድሬው «ጓድ መኳንንት» እያለ በጠራቸው ቁጥር ከሁሉም ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ። ራኩባው ውስጥ ሻይ ይሸጣል፣ አረቄ ይሸጣል፣ ከውስጠኛው ምንጣፍ ላይ ደግሞ ካርታ ይጣላል። የሚጫወቱት ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደባርቅ በላይ።

አሁን የምነግራችሁን ልማድ በሌላ አገር አላየሁም። ለአጨዳ የሚወርድ ሰው ማጭዱን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እርሻው ማጭድ አጥቶ አይደለም። የራሱን እጀታ የለመደ መዳፍ በሰው ማጭድ ይላጣል፤ የተላጠ እጅ ደግሞ ሰሊጥ ውስጥ ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ እጀታው ላይ በጋለ ብረት ምልክቱን ይተኩስበታል፣ ሲተኛም አጠገቡ ያኖረዋል። ምንጣፉ ላይ ገንዘቡን የተበላ ሰው ታዲያ ማጭዱን ያስይዛል። የሚያስይዘው ብረቱን አይደለም፤ ጉልበቱን ነው። አያ መኳንንት ማጭዱን ተቀብለው ከራኩባው ምሰሶ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የማጭዱ ባለቤት የት እንደሚያጭድ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ ምንዳውን ከእርሻው የሚቀበሉትም እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ያወርዱለታል፣ ሲመሽ መልሰው ይሰቅሉታል። ሰውዬው ቢጠፋ ከአገሩ ልጆች የአንዱ ማጭድ በእርሱ ቦታ ይሰቀላል። ስለዚህ አይጠፋም። በመስከረም መጨረሻ ምሰሶዎቹ በማጭድ ይሸፈኑ ነበር። ነፋስ ሲነሳ እርስ በርስ እየተነካኩ ድምፅ ያሰማሉ። ያ ድምፅ ትምህርት ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ያኔ ግን ምንም አላለኝም።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ትእዛዝ መጣ። ቁማር ቤቶች የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ስለሆኑ ይዘጉ፣ በመያዣ የተወሰደውም ለባለቤቱ ይመለስ የሚል ነው። ነገሩን በቦታው አይቶ የሚያስፈጽም አንድ ጓድ ከማዕከል ይመጣል ተባለ። ወሬው በእርሻው ውስጥ ከወባ በፍጥነት ተዛመተ።

ሰይድ ይማም ወደ እኔ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የአምባሰል ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ።»

«ግባ፤ ምን ፈለግህ?» አልኩት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰውዬው በዕድሜ ታላቄ ነው፤ እኔ አንተ አልኩት፣ እርሱ አንቱ አለኝ። ማንም አላስተማረንም። ሁለታችንም የየድርሻችንን እናውቅ ነበር።

«ከዚያ ምንጣፍ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀመጥሁ፤ ወላሂ» አለኝ። «ልጨምርበትና ልግባ ብዬ። ማጭዴ ተሰቀለ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀመጥ አለ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

ፈገግ አለ። «እውነትዎን ነው። አንዷ ግን በቃችኝ።»

ከዚያ ጉዳዩን ነገረኝ። ሚስቱ ከድጃና ሁለት ልጆቹ፣ ዘሀራና አህመድ፣ ድርቁ ካፈናቀላቸው በኋላ በወሎ መጠለያ ውስጥ ናቸው። መኪና እየመጣ ሰዉን ወደ ሰፈራ ያግዛል። ወዴት እንደሚያግዘው የሚያውቅ የለም። ሲለያዩ ከድጃን «ጥቅምት ሳይወጣ እህል መግዣ ይዤ እደርሳለሁ፤ እስከዚያ ስምሽን አታስጽፊ» ብሏታል።

«ከቀረሁ ታስጽፋለች፤ ምን ታድርግ» አለኝ። «ሞቷል ብላ ብታስጽፍ ግድ የለኝም። ትቶናል ብላ ታስጽፋለች። ልጆቹንም እንዲያው ትላቸዋለች።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«እርስዎ ከመንግሥት ጋር በመንግሥት ቋንቋ ይነጋገራሉ። ያ ሰውዬ ሲመጣ ይናገሩልን። ቤቱ ይዘጋ፣ ማጭዳችንን ይስጡን። ሌላ ምንም አንፈልግም።»

«እናገራለሁ» አልኩት።

ቃል ገባሁ። ስገባ ዋሽቼ አልነበረም፤ ይህን ለራሴ መከላከያ አድርጌ ሳይሆን ነገሩ የባሰ መሆኑን እንድታውቁ ነው የምነግራችሁ። ሐቁን አውቄ፣ ፊቱን አይቼ፣ የልጆቹን ስም ሰምቼ ነው የካድሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አያ መኳንንት ለምሳ ጠሩኝ። ራኩባው ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማጭድ ለማይፈልግ የአረም ሥራ እርሻ ወርዷል። ከርከዴ በትልቅ ብርጭቆ ቀዱልኝ። እላዬ ላይ ማጭዶቹ ተሰቅለዋል።

«መምህሬ፣ አንተን የሚያህል ሰው እዚህ ወባ ሲጠባህ ዝም ብሎ የሚያይ መንግሥት እኔን ነው ወይ ቅሪት የሚለኝ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ሳይጠይቁኝ ስለማነበው አጫወትኳቸው። ሰሙኝ። ሽንፋ ከገባሁ ጀምሮ እንደ እርሳቸው የሰማኝ ሰው የለም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ጥያቄ እየጣሉ፣ የገባቸውን መልሰው እየነገሩኝ ሰሙኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በሕይወቴ ከገጠሙኝ አንባቢዎች ሁሉ የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ፤ እኔን አንብበው ጨርሰው ነበር።

«የባለቤቴ ወንድም ጎንደር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አይጠፋም ብሎኛል» አሉ፣ ከርከዴውን እየጨመሩልኝ።

ከርከዴውን ተጎነጨሁ። እምቢ አለማለቴን አዩና ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ጓዱ ሲመጣ እንዴት ልለምነው ይመስልሃል?»

«አይለምኑት፤ ሕጉ ግልጽ ነው» አልኩ።

«ልክ ነህ፤ ልመና አይሆንም። የሚለምነው ሰው በዝቶበታል። የሚያስፈራውን መንገር ነው እንጂ።»

«ምን ያስፈራዋል?»

«ሰሊጥ» አሉ።

ቆላን ለማታውቁ ይህች ቃል መፈታት አለባት። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገስም። ቅርፊቱ ከደረቀ በኋላ አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ካልቆመ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። አፈር ውስጥ የገባ ሰሊጥ የሚለቅም የለም። የዓመት ልፋት በቀናት ውስጥ እዚያው ይቀራል። የመንግሥት እርሻው ደግሞ ሰሊጡን ወደ ውጭ የሚልከው ለዶላር ነው፤ ዶላሩን የሚጠብቀው ጦርነት ነው።

«አጫጁ ማጭዱ እጁ ከገባ ነገ መኪና ላይ ነው። ያገሩ ነገር እያቃጠለው እንዴት ይቆያል? እዚህ ያቆየው ይኸ ነው» አሉና በጣታቸው ወደ ላይ፣ ወደ ማጭዶቹ አሳዩኝ። «ይህን እኔ ብናገረው ቁማርተኛ ተናገረ ይባላል። አንተ ብትናገረው ሳይንስ ነው።»

በእጄ አንድ ሳንቲም አልሰጡኝም። ሰዎች መንግሥት በጉቦ ይገዛል ይላሉ፤ እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ጉቦ የሚያስፈልገው ንግግር ለማይችል ሰው ነው። አያ መኳንንት የገዙት የእኔን አንደበት ነው። ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ አንድ ሰሌዳና አንድ የሚሰማ ጆሮ።

ጓዱ የመጣበት ቀን ስብሰባው በእርሻው መጋዘን ፊት ለፊት ተደረገ። ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ መዶሻና ማጭድ ተስሎበታል። ማጭድ ባንዲራው ላይ አለ፣ ማጭድ ምሰሶው ላይ አለ፤ በሁለቱ መካከል ሰይድና የአገሩ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ምፀት ያኔውኑ አይቼዋለሁ። አይቼ በውስጤ ተደሰትኩበት፣ አንድ ቀን የምጽፈው ነገር አገኘሁ ብዬ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ልበል እንጂ።

ጓዱ ሳፋሪ ኮት የለበሰ፣ ዓይኑ የቀላ፣ የደከመው ሰው ነው። ገና ሲጀምር «እኔ የመጣሁት ለመዝጋት ነው። የሚቃወም ካለ ይናገር» አለ። ይህን ልብ በሉ። ውሳኔው አስቀድሞ አልቆ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ቤቱ በዚያው ቀን ይዘጋ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር ከእኔ የሚፈለገው፤ በሕይወቴ ሙሉ የከበደኝ ነገር እርሱ ነው።

ተነሳሁ። ሰይድ አየኝና ቀና ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው አየሁ።

እንዲህ አልኩ፦ «ጓድ፣ ጉዳዩ በስሜት ሳይሆን በተጨባጭ ሁኔታ መታየት አለበት። የተጠቀሰው ቤት በአሁኑ ወቅት ተበታትኖ የሚገኘውን ወቅታዊ ላብ አደር ከምርት ግንባሩ ጋር የሚያስተሳስር ነው። ይህ ትስስር በምርት ማሰባሰቢያው ዋዜማ ቢላላ በሰሊጥ ምርታችንና በውጭ ምንዛሪ ግኝታችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ታሪክ ይቅር አይለውም። ስለዚህ ቤቱ በአዲስ ይዘት፣ በቀበሌው ቁጥጥር ሥር፣ የሠራተኛው መዝናኛ ክበብ ሆኖ ቢቀጥል…»

ሌላም ሌላም አልኩ። በሰው አማርኛ ሲፈታ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰዎቹን አትልቀቋቸው።

ሌሎች እንዳስገደዱኝ አላወራም። ማንም ሽጉጥ አላሳየኝም። አያ መኳንንት የሰጡኝ ሐሳብ ነበር፤ ቋንቋው የእኔ ነው፣ «የሚያስተሳስር» የምትለዋ ቃልም የእኔ ናት። የማጭዱን መሰቀል ትስስር ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ስናገር ድምፄ ለራሴ ጣመኝ። ጓዱ ቀና አለ። ሰሊጥ ስል ዓይኑን ከፈተ፣ የውጭ ምንዛሪ ስል የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ዞሮ አየው። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ነቀነቀ። ካድሬው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሰዉም ተከተለው።

ሰይድም አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። እጁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ እኔ ዘርግቶ፣ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ አጨበጨበ።

ጓዱ ውሳኔውን በወረቀት አሳውቃለሁ ብሎ ስብሰባው ሲበተን ሰይድ በሰዉ መካከል ሰንጥቆ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘው።

«አንጀቴን አራሱት» አለኝ። «ያሉት ሁሉ አልገባኝም፤ ሲናገሩ ግን ሰውዬው እሺ እሺ ሲል አየሁ። አላህ ውለታዎን ይክፈልዎ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ ለጓዱ ስንት ደርድሬ ለእርሱ አንዷ አነሰችኝ። እርሱ ቀጠለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ናፍጣ የሚያመጣው ቦቴ ነገ ንጋት ወደ ጎንደር ይመለሳል። ሾፌሩ የአገሬ ልጅ ነው። ማጭድህን ተዋት፣ እኛ በአንተ ቦታ እንሰቅላለን፣ ሂድና ልጆችህን አድን ብለውኝ ነበር ጓደኞቼ። ልሄድ ነበር። አሁን ቤቱ ከተዘጋ ግን የሰው ዕዳ ሳልሆን፣ ማጭዴን ይዤ፣ የሠራሁትንም ተቀብዬ እሄዳለሁ። እንዴት ይሻላል? ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

«ጠብቅ» አልኩት።

ለምን? ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን የማላውቅ አስመስዬ ነው የምጠይቀው እንጂ አውቀዋለሁ። ጓዱ ገና ከከተማው አልወጣም ነበር። ሰይድ ቢሄድ ሌላው ይከተለዋል፤ አጫጆች ጠፉ ቢባል ያ ሁሉ ትስስር ያልኩት ነገር በማግስቱ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ዝውውሬም አብሮ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እጄ በእጁ ውስጥ እንዳለ ነው። መዳፉ ሻካራ ነበር። ጠብቅ አልኩት። ስለ ንግግሩ ምናልባት አላወቅሁም፣ ወጣት ነበርኩ፣ ዘመኑ ነው ልል እችል ይሆናል። ይህቺን ቃል ግን ዘመኑ አልተናገራትም። እኔ ተናገርኳት።

ቦቴው ንጋት ላይ ያለ እርሱ ሄደ። ጩኸቱን ተኝቼ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ እያለ ነው የሆነው። ራኩባው በር ላይ በቀይ ቀለም «የሠራተኛው መዝናኛ ክበብ» የሚል ተጻፈ። «አጨዳው እስኪያልቅ በጊዜያዊነት» ተብሎ ነበር፤ ጊዜያዊነቱን የሚጠይቅ ግን አልመጣም። ማጭዶቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። አሁን ግን የሚሰቅላቸው ቅሪት ሳይሆን ክበብ ነው። በፊት አንድ ሰው ከአያ መኳንንት ጋር ቢጣላ ከአያ መኳንንት ጋር ተጣላ ይባል ነበር፤ አሁን ከምርት ግንባሩ ጋር ተጣላ ይባላል። አንዱ የጎጃም ልጅ ማጭዴን አልሰጥም ብሎ ሲሟገት የአብዮት ጥበቃዎች ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ የተሟገተ የለም።

ሰይድ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። «መምህር፣ መቼ ነው?» ይላል። «ከበላይ ወረቀት ይጠበቃል» እላለሁ። «እንግዲያ እርስዎ ካሉ» ብሎ ይመለሳል። አንድም ቀን አልተጠራጠረኝም። ቢጠራጠረኝ፣ ቢሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ። ጥቅምት እያለቀ ሄደ። ሰሊጡ ቢጫ ሆነ፣ ታጨደ፣ ሂላው በየማሳው ቆመ። ከሩቅ ሲታይ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ይመስላል። ማታ ማታ ነፋሱ ሲነሳ ማጭዶቹ ይንኳኳሉ። አሁን ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬን ብደፍንም ይሰማኝ ነበር።

ጥቅምት ወጣ። በኅዳር መጀመሪያ ከወሎ አዲስ የወረዱ ሠራተኞች ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ከድጃ ከነበረችበት መጠለያ የመጣ ነው። መጠለያው ባዶ እንደሆነ ለሰይድ ነገረው። ሴትዮዋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ቆይታ፣ በመጨረሻው መኪና ስሟን አስጽፋ ከልጆቿ ጋር ተጭናለች። ወዴት? ሰውዬው አያውቅም። የተጫነውም አያውቅም፤ የጫነውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰይድ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። እንደ መጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊወቅሰኝ መጣ ብዬ ተነሳሁ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ተስፋ አድርጌ ነው የተነሳሁት።

«መምህር» አለኝ፣ «እንደዚያን ቀን አንዴ ይናገሩልኝ። ወዴት እንደወሰዷቸው ብቻ ይንገሩኝ። ሌላውን እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

እንደገና እሺ አልኩት። ማንንም አልጠየቅሁም። የትኛው ቢሮ እንደሚጠየቅ ግን አውቅ ነበር፤ ለቁማር ቤቱ ስናገር በር ሁሉ ክፍት እንደነበር አይቻለሁና። ለአንዲት ሴትና ለሁለት ልጆች ለመናገር ፈራሁ። ሰፈራውን መጠየቅ መንግሥትን መጠየቅ ነው፤ ቁማር ቤቱን ማስቀጠል ግን መንግሥትን መርዳት ነበር። አያችሁ ልዩነቱን? እኔ ያኔ ወዲያው አይቼው ነበር።

የዝውውር ወረቀቴ በዚያው ወር ደረሰ። አያ መኳንንት ራሳቸው መኪና ፈለጉልኝ፤ ሳጥኔን ያሸከሙልኝም እርሳቸው ናቸው። «ጎንደር ስትገባ እንዳትረሳን መምህሬ» አሉኝ። መኪናው ከከተማ ሲወጣ በማሽላው ማሳ ዳር አጫጆች ተሰልፈው ነበር። ሰይድ አየኝ። ማጭድ የያዘ እጁን ከፍ አደረገና ጮክ ብሎ «መምህር፣ እንዳይረሱኝ» አለ። ጉዳዩን ልከታተልለት የሄድኩ መስሎታል። እኔም እጄን አነሳሁለት። መጨረሻ ያየሁት እንደዚያ ነው፤ እያመሰገነኝ።

ኋላ ጎንደር ሆኜ ሰማሁ። ክበቡ ለሌላም ሥራ ተመቸ። ለውትድርና ሰው ሲያጥር በየማሳው መሯሯጥ አላስፈለገም፤ ምንጣፉ ላይ ሰው ተሰብስቦ ይገኝ ነበር፣ ማጭዱም የማን እንደሆነ ምልክት ነበረበት። አንድ ቀን ራኩባውን ከበው ያለውን ሁሉ ጫኑ አሉ። ሰይድ ከውስጥ ይኑር አይኑር አላወቅሁም። አልጠየቅሁም። ያ የስብሰባው ቃሌ ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ በእርግጥም ያስተሳስር ነበር።

ዘመኑ አለፈ። እኔም የዘመኑ ተቺ ሆንኩ። ስለ ደርግ ጽፌያለሁ፣ ስለ ሰፈራውም ጽፌያለሁ፤ «ስለ ሕዝቡ ማን ተናገረ?» ብዬ በቁጣ ጠይቄያለሁ። አንባቢ አጨብጭቦልኛል። ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር በመካከሉ የአንድ ሰው እጅ ለይቼ እሰማለሁ። ዛሬ የውርርድ ቤቶች በየመንደሩ ሲከፈቱ፣ ባለቤቶቻቸውም አዲስ አበባ ሄደው ለፌዴራል መንግሥቱ ሹማምንት «ብትዘጉን የሥራ ዕድል ይጠፋል፣ ግብር ይቀንሳል፣ ወጣቱ መዝናኛ ያጣል» ሲሉ ሌሎች ሰምተው ይናደዳሉ። እኔ አልናደድም። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሱፍ ለብሷል፣ ቋንቋው ዘምኗል፤ ግን የእኔ ድምፅ ነው። አጠገቡም አንድ ብዙ ያነበበ ወጣት ተቀምጦ ቃል እንደሚያቀብለው አልጠራጠርም።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም፤ የፈራሁት በኋላ ነው፣ መጀመሪያ የተናገርኩት ፈልጌ ነው። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ዘሀራ ሰይድ ወይም አህመድ ሰይድ የሚባል፣ በልጅነቱ ከወሎ መጠለያ ከእናቱ ከከድጃ ጋር ለሰፈራ የተጫነ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ይህን ንገሩት፦ አባታችሁ አልተዋችሁም። መኪናው ቆሞለት ነበር። ያስቀረው አንድ አስተማሪ ነው በሉት፤ የአስተማሪውን ስም ከጠየቀ አትደብቁት፣ የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ ስም ንገሩት።